በሐኪም የታዘዘችው ድመት

ነገሩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ገብቶኛል የሚል ሰው ካለ ይምጣና ያስረዳኝ። እኔ ጥጋቡ እባላለሁ፤ ካርቱም ጀሪፍ ውስጥ ባለ ሦስት እግር ረክሻ የምነዳ፣ ስሜና ሰውነቴ ተገናኝተው የማያውቁ ቀጭን ሰው ነኝ። የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም፤ ስለ ጎረቤቴ ስለ እማማ የሻሽወርቅ ነው። የእሳቸው ታሪክ መሀል ላይ የእኔ ጥፋት ተጋድሞ ስላለ እሱንም ሳልወድ በግዴ አወራዋለሁ።

እማማ የሻሽወርቅ ከባለቤታቸው ጋር በገዳሪፍ በኩል ሱዳን የገቡት በ1972 ዓ.ም. ነው። ባለቤታቸው የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከሞቱ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ አልወለዱም። የሚኖሩት እኔ ባለሁበት ሆሽ ውስጥ ነው። ሆሽ ማለት እዚህ አገር በአንድ አጥር የተከበበ ግቢ ሲሆን፣ በእኛ ሆሽ ስድስት ክፍል አለ፤ የእሳቸው የመጨረሻዋ፣ ኒም ዛፉ ሥር ያለችው ናት። ሥራቸው የእጅ ጥልፍ ነው። ካርቱም ውስጥ ሐበሻ ሠርግ በሄድኩ ቁጥር የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ያለውን መስቀል አይቼ የማን እጅ እንደሆነ ስጠይቅ የሚነግሩኝ ስም አንድ ነበር። ኩራት ይሰማኝ ነበር፤ ጎረቤቴ ናቸው እላለሁ። ጎረቤቴ ናቸው ከማለት አልፌ ግን ቤታቸው ገብቼ ተቀምጬ አላውቅም። ጠዋት ስወጣ "እንደምን አደሩ"፣ ማታ ስመለስ "እንደምን አመሹ"፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ይኸው ነበር።

ዓይናቸውን ሞራ የጋረደው ቀስ እያለ ነው። የቀኙ መጀመሪያ ጠፋ። በግራው ብርሃንና ቀለም ይለያሉ፤ የሰው ፊት ግን ካዩ አራት ዓመት አልፏቸው ነበር። መርፌውን በክር የሚሞላላቸው በበራቸው ያለፈ ሰው ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ጣታቸው ያውቀዋል። በ2008 ዓ.ም. ጥምቀት ሰሞን ግን አንድ የሙሽራ ቀሚስ ተመለሰባቸው። መስቀሉ ተጣሟል ተባለ። እማማ የሻሽወርቅ ቀሚሱን አጥፈው ሳጥን ውስጥ ከተቱትና በር ላይ ወንበራቸውን አውጥተው እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ተቀመጡ። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን አላስችል ብሎኝ በረክሻዬ ወደ ዓይን ሐኪም ወሰድኳቸው።

ሐኪሙ ዶክተር አብዱልሰላም ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሳቅ ይቀናዋል። ግራ ዓይናቸውን ከፍቶ ሞራውን አውጥቶ ሌንስ ቢያስገባ ጥርት አድርገው እንደሚያዩ ነገራቸው። እኔ ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ የደም ግፊታቸው ተለካ፤ ላይኛው አሥራ ዘጠኝ፣ መቶ ዘጠና ማለት ነው። ዶክተሩ ፊቱ ተለወጠ። ከአሥራ አምስት በታች ካልወረደ መቀስ አላነሳም፣ ዓይን ውስጥ ደም ይፈሳል አለ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ ቀዶ ጥገና እንደሚያቆሙ፣ ከዚያ በኋላ ረዥም ሰልፍ እንዳለ፣ ሞራው እንዲህ እየጠጠረ ከሄደ በኋላ ማውጣቱ እንደሚከብድ አስረዳን። ስለዚህ ያለን ጊዜ አራት ወር ከምናምን ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ ግፊቱ ይወርዳል፣ ወይም እማማ የሻሽወርቅ ይታወራሉ።

ዶክተሩ ክኒን ጻፈላቸው። ከዚያ ብዕሩን ከድኖ፣ ብቻቸውን ይኖሩ እንደሆነ ጠየቃቸው። አዎ አሉ።

"እንግዲያው ያ ሐጃ፣ ከዲሳ አሳድጊ" አላቸው። ሐጃ ለትልቅ ሴት የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው፤ ከዲሳ ደግሞ ሱዳኖች ድመትን የሚጠሩበት ስም። ድመት የሚያሻሽ ሰው ልቡ እንደሚረጋ፣ ግፊቱም እንደሚወርድለት የሚል ጥናት አንብቤያለሁ አለ።

"በቀን ስንት ጊዜ?" አሉ እማማ የሻሽወርቅ።

ዶክተሩ ቀልድ መሰለው። ሳቀና "ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ" አላቸው።

እሳቸው አልሳቁም። እኔም ልሳቅ ወይስ አልሳቅ እያልኩ አንዴ እሱን አንዴ እሳቸውን እያየሁ ቀረሁ። ሐኪም ቤት ውስጥ የተነገረ ነገር ለእሳቸው ትእዛዝ ነው፤ ወረቀት ላይ አለመጻፉ ብቻ ትንሽ ቅር አሰኛቸው።

ድመቷን ያመጣችው ሀኒፋ ናት። ሀኒፋ እዚያው ሆሻችን የምትኖር የወሎ ልጅ ናት፤ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታም ሰፈር አንድ ትልቅ ቤት ጠዋት ሄዳ ማታ የምትመለስ ሠራተኛ ናት። የእመቤቷ ድመት ወልዳ የአንዷ ግልገል ማደሪያ ጠፍቶ ነበር፤ በካርቶን ይዛት መጣች። ብርቱካንማ ናት፤ ስሟም እዚያው ቤት የወጣላት ሚሽሚሽ ነው። የስምንት ወር ድመት ብትሆንም ጠባይዋ የእመቤት ነበር። ያደገችው ቀዝቃዛ አየር በሚነፋበት ሳሎን ውስጥ ስለሆነ የእኛን ሆሽ ሙቀት አልወደደችውም፤ ከታሸገ ዓሣና ከሥጋ በቀር ሌላ ነገር አሽትታ ትታ ትሄዳለች።

እማማ የሻሽወርቅ መድኃኒታቸውን በሥርዓቱ ጀመሩ። ጠዋት ቁርስ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ሚሽሚሽን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ከአንገቷ እስከ ጭራዋ ሃያ ጊዜ ያሻሻሉ። ማታም ሃያ። አንድ ጠዋት ሚሽሚሽ አጥር ላይ ወጥታ ስላረፈደች የጠዋቱን ከማታው ጋር ደርበው አርባ ሲያሻሹ አይቻለሁ። ሁለት ክኒን አንድ ላይ መዋጥ አይጎዳም ወይ ብዬ ልጠይቅ አስቤ ተውኩት።

አሁን የእኛን ሆሽ ልማድ መናገር አለብኝ፤ ያለዚያ የሚቀጥለው ነገር እብደት ይመስላል። እኛ ዘንድ መድኃኒት የአንድ ሰው አይደለም። ኢቃማው፣ ማለትም የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ጊዜው ያለፈበት ሰው ሐኪም ቤት ደጃፍ መቆም ይፈራል፤ ስለዚህ አንዱ የታዘዘለትን ሌላው ሕመሙ ተመሳሳይ ከሆነ ይካፈላል። የራስ ምታት ክኒን ከክፍል ወደ ክፍል ይዞራል። የጨጓራ ሽሮፕ ጠርሙሱ በማን ቤት እንደተከፈተ አይታወቅም። የእማማ የሻሽወርቅ የግፊት ክኒንም እንዲሁ ነበር፤ የወር ተብሎ የተሰጣቸው በዘጠኝ ቀን ያልቃል። እምቢ ማለት አያውቁበትም፤ መድኃኒት መከልከል ነውር ነው ይላሉ።

ታዲያ ድመቷ መድኃኒት መሆኗ እንደተሰማ በቀለች መጣች። በቀለች ከሆሻችን ክፍሎች በአንዱ የምትኖር፣ ሐበሻ ምግብ ቤት ወጥ የምትሠራ፣ ግፊትም ንዴትም ያለባት ሴት ናት፤ የትኛው ከየትኛው እንደመጣ አይታወቅም። ለሁለት ቀን ብቻ አለች። እማማ የሻሽወርቅ ሚሽሚሽን አንስተው ሰጧት፤ ጠዋትና ማታ፣ ከምግብ በኋላ፣ ብለውም አስጠነቀቋት። ከበቀለች ሀኒፋ ወሰደቻት፤ ሀኒፋ የእመቤቷ ጩኸት ጭንቅላቷ ውስጥ አድሮ እንቅልፍ ነስቷት ነበር። እኔም ሳልዋሽ ወገቤን አሞኝ ስለነበር አንድ ሌሊት አሳደርኳት። ለወገብ ምንም አልጠቀመችም።

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። እኛ ጾመናል፤ ሚሽሚሽ አልጾመችም። ሀኒፋ ክፍል ስታድር የእስላም ሥጋ በልታ ትመጣለች። እማማ የሻሽወርቅ ይህን ለብዙ ቀን አሰቡበትና የተለየ የላስቲክ ሳህን ገዝተው ከበር ውጪ አስቀመጡላት። ድመቷ ሃይማኖት የላትም፣ ሳህኑ ግን የእኔ ነው አሉ። እንዲህ እያለች ሚሽሚሽ በሳምንት ሁለት ቀን እንኳ ባለቤቷ ዘንድ አታድርም ነበር። እማማ የሻሽወርቅ ምሽት ላይ በር ላይ ተቀምጠው የማን ክፍል ውስጥ እንደምትጮኽ ሲያዳምጡ አያቸዋለሁ፤ አይጠይቁም፣ አምጡልኝም አይሉም።

በመጋቢት መጨረሻ ሄደን ግፊታቸው ተለካ። አሥራ ዘጠኝ። ዶክተሩ ክኒኑን በደንብ ይወስዱ እንደሆነ ጠየቃቸው፤ አዎ አሉ፤ ስንቱን ለጎረቤት እንደሰጡ ግን ቆጥረውት አያውቁም። ድመቷስ አለች ወይ አለ። አለች አሉ። ታዲያ ግራ ገባው። እኔም ግራ ገባኝ። ዶክተሩ ካርዱ ላይ የሆነ ነገር ጽፎ ሁለት ወር ነው የቀረን አለኝ፤ ለእሳቸው ሳይሆን ለእኔ። 

ጥፋቴ የደረሰው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። የበቀለች እህት ጀብራ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ግፊት እንዳለባትና ድመቷን ለሦስት ቀን እንደምትፈልጋት በቀለች ለእማማ ነገረቻቸው። እማማ የሻሽወርቅ እሺ አሉ። የማድረሱ ሥራ የእኔ ሆነ። ሚሽሚሽን ካርቶን ውስጥ ከትቼ በገመድ አሰርኩና ረክሻዬ ላይ ጫንኳት። ረክሻ በዋናው አስፋልት መሄድ ክልክል ነው፤ በውስጥ ለውስጥ መሄድ ነበረብኝ። እኔ ግን ሙቀቱ ካርቶኑ ውስጥ እንዳይገድላት ብዬ አቋራጩን ፈለግኩና አስፋልቱ ላይ ወጣሁ። ጀብራ ልገባ ስል ሙሩር አስቆመኝ፤ የትራፊክ ፖሊስ ማለት ነው።

ሰውየው መንጃ ፈቃድ ነው የጠየቀኝ። እኛ ግን ፖሊስ ፊት ስንቆም ያልተጠየቅነውን ሁሉ መክፈት ልማድ ሆኖብናል። መንጃ ፈቃዴን ሰጠሁ፣ ኢቃማዬን ሰጠሁ፣ ኪሴን ገለበጥኩ፣ የመቀመጫውን ሽፋን አነሳሁ፤ ወደ ካርቶኑ ዞር ሲል ደግሞ ኮንትሮባንድ እንዳይመስለው ብዬ በገዛ እጄ ገመዱን ፈታሁት። ሚሽሚሽ ትከሻዬን ረግጣ ወጣች። በሁለት መኪናዎች መሀል አለፈች፤ አንድ ያልተጨረሰ ሕንፃ አጥር ላይ ስትዘል አየኋት፤ ከዚያ በኋላ አላየኋትም። ፖሊሱ ራሱ ደነገጠ። ምን እንደነበረች ጠየቀኝ። የሰው መድኃኒት ናት አልኩት። ወረቀቶቼን መለሰልኝና "ማሌሽ፣ ያላ ሂድ" አለኝ፤ ምንም አይደል፣ በል ሂድ ማለቱ ነው፤ አዝኖልኝ ይሁን ያበድኩ መስሎት አላውቅም።

እስከ ማታ ፈለግኳት። በማግስቱም ከሀኒፋ ጋር ሄድን፤ የታሸገ ዓሣ ከፍተን በየአጥሩ ሥር ስሟን እየጠራን ዞርን። የለችም። በሦስተኛው ቀን፣ ድመቷ መመለስ ባለባት ዕለት፣ እኔ፣ ሀኒፋና በቀለች የበቀለች ክፍል ውስጥ ተሰብስበን መከርን። እውነቱን እንናገር ያለች ሀኒፋ ነበረች። በቀለች፣ እውነቱ ግፊታቸውን ሃያ አንድ ያደርሰዋል፣ ዓይናቸው በእኛ ይጠፋል አለች። ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ እኔ የእነሱን ውሳኔ ጠበቅኩ። ሀኒፋ አለቀሰችና፣ እንግዲያው የምትመስላትን እንፈልግ አለች። እማማ የሻሽወርቅ የሚለዩት ቀለም ብቻ ነው፤ ብርቱካንማ ከሆነች ይበቃል።

ብርቱካንማ ድመት ከወንዙ ዳር ከዓሣ ሻጮቹ መሀል አገኘሁ። ይቺ የመንገድ ናት፤ ማንንም አታምንም፣ ክንዴ ላይ ያስቀረችው ጭረት ዛሬም አለ። በበቀለች ሳፋ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጠብናት። ሀኒፋ የእመቤቷ ቤት ሽታ እንዲኖራት ብላ ከዚያው ቤት የተሰጣትን ሽቶ ቀባቻት። ወስጄ እማማ የሻሽወርቅ ጭን ላይ አስቀመጥኳት። እሳቸው ከአንገቷ እስከ ጭራዋ አንድ ጊዜ አሻሿት። ቆም አሉ። ከዚያ ሁለተኛ አሻሿት፣ ሦስተኛም፣ እስከ ሃያ ድረስ። ጀብራ ተስማምቷት እንደሆነ ጠየቁኝ። በጣም አልኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አጣሁ። በየማታው ከሥራ ስመለስ ረክሻዬን አቁሜ በቀጥታ ወደ እማማ የሻሽወርቅ ክፍል እሄዳለሁ፤ አውቀውብን እንደሆነ ለማየት። ባዶ እጄን መግባት ያሳፍረኛልና ዳቦ ወይም ብርቱካን እይዛለሁ። ሄጄ በቀለችን ቀድማኝ አገኛታለሁ፤ እሷም ያንኑ ልታይ ነው የመጣችው። ትንሽ ቆይታ ሀኒፋ ትገባለች። ሦስታችንም ድመቷን እያየን፣ እርስ በርስ እየተያየን እንቀመጣለን። ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ ያስጠረጥራል፤ ስለዚህ ወሬ እናመጣለን። በቀለች የምግብ ቤቱን ጉድ ታወራለች፣ ሀኒፋ የእመቤቷን፣ እኔ ረክሻዬ ላይ የሚወጣውን ሰው ዓይነት። እማማ የሻሽወርቅ ስለ ባለቤታቸው፣ በገዳሪፍ ስለገቡበት ሌሊት፣ ስለመጀመሪያው የጠለፉት ቀሚስ ያወሩናል። ሳቅ የሚያውቁ ሴት መሆናቸውን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ድመቷ ግን ታሳቅቀን ነበር። ከታሸገ ዓሣና ከሥጋ በቀር አትቀምስም የተባለችው ሚሽሚሽ፣ አሁን ሽሮ ትልሳለች፣ የዳቦ ፍርፋሪ ትለቅማለች፣ አንድ ቀን የበቀለችን የምስር ሳህን ጠርጋ በላች። የሦስታችንም ፊት ጠቆረ። እማማ የሻሽወርቅ ሰምተው ኖሮ ፈገግ አሉ። "ሁዳዴው ገባት ማለት ነው" አሉ። እኛም በአንድ አፍ፣ አዎ፣ ገብቷታል አልን።

ማንም ድመቷን ለመዋስ አልደፈረም፤ ሌላ ቤት ሄዳ አንድ ነገር ብትሆን ሦስተኛ ድመት ከየት ይመጣል? ክኒናቸውን የሚጠይቅም አልነበረም። በቀለች እንዲያውም ከእሳቸው የወሰደቻቸውን ክኒኖች በራሷ ገዝታ መለሰች፤ ለምን ብላ እንደሆነ ሳትናገር። ፋሲካን እሳቸው ክፍል ውስጥ አብረን ዋልን። ሀኒፋ የራሷን ዶሮ በራሷ ድስት ሠርታ ይዛ መጣች፤ ድመቷ ከሁለቱም ድስት በላች።

ከፋሲካ በኋላ ግፊታቸው ተለካ፤ አሥራ ስድስት። ከሁለት ሳምንት በኋላ አሥራ አራት። ዶክተር አብዱልሰላም ተደስቶ ጥናቱ ትክክል መሆኑን ነገረኝ። አየህ፣ ከዲሳዋ ናት አለኝ። እኔ ምን ልበለው? እውነተኛዋ ድመት እያለች አሥራ ዘጠኝ የነበረው በውሸተኛዋ አሥራ አራት ገባ ልበለው? ነርሷ ወንበር ላይ ስጠብቅ አይታኝ ቀልዳ የእኔንም ለካችው። አሥራ ሰባት። እድሜዬ አርባ አራት ነው፤ ግፊት ኖሮብኝ አያውቅም። ድመት ግፊት ታወርዳለች ያሉት ሰዎች የማንን እንደምታወርድና የማንን እንደምትሰቅል ለይተው ቢጽፉ ምናለበት።

ማታ ማታ ይህን ሳወጣ ሳወርድ አመሽ ነበር። ክኒኑ ይሆን? ድመቷ መዞር ስትጀምር ክኒኑም ይዞር ነበር፤ አሁን ሁለቱም እሳቸው ጋ ናቸው። ወይስ የመንገድ ድመት ከቤት ድመት የተሻለ ፈውስ አላት? ለበቀለች ባነሳላት፣ ወረደ አይደል ወይ፣ ምን አስጨነቀህ አለችኝ። የሚያስጨንቀኝ የቀዶ ጥገናው ቀን ነው። ሰውየው ሞራውን ያወጣል፤ እማማ የሻሽወርቅ ያያሉ፤ ያኔ መጀመሪያ የሚያዩት ጭናቸው ላይ ያለችውን ነው። በአንድ በኩል ዓይናቸው እንዲበራ እጸልያለሁ፤ በሌላ በኩል ያ ቀን እንዳይመጣ እመኛለሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው መሆኔን አላውቅም ነበር።

ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ረመዳን ሊገባ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ግራ ዓይናቸው ተሠራ። በማግስቱ ጠዋት ዶክተሩ ፋሻውን አነሳ። እማማ የሻሽወርቅ መጀመሪያ የራሳቸውን እጅ አዩ፤ መዳፋቸውን ገለበጡ፣ ጣቶቻቸውን ዘረጉ። ከዚያ ወደ እኔ ቀና አሉ።

"ጥጋቡ አንተ ነህ?" አሉ። "ከስተሃል እኮ፤ ታመሃል እንዴ?"

አላለቀስኩም ብል ውሸት ነው። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሁሉ በዓይናቸው ሊበሉት ምንም አልቀራቸውም፤ የሴቶቹን የቶብ ልብስ ቀለም፣ የዛፉን ቅጠል፣ የግድግዳውን ጽሑፍ ሳይቀር እያነሱ አወሩኝ። እኔ መሪውን ይዤ፣ አሁን ልንገራቸው፣ አሁን ልንገራቸው እያልኩ ሦስት ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ሆሻችን በር ላይ ደረስን።

በቀለችና ሀኒፋ ከሥራ ቀርተው ይጠብቁናል። እማማ የሻሽወርቅ ሁለቱንም አቅፈው ፊታቸውን በእጃቸው ይዘው አዩአቸው። በቀለች ድመቷን ክፍሏ ውስጥ ቆልፋባት ኖሮ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፤ ለጊዜው እንኳ እናቆየው ብላ። ግን የመንገድ ድመት ተቆልፎባት ታውቃለች? በመስኮቱ ወጥታ መጥታ በቀጥታ እማማ የሻሽወርቅ እግር ሥር ተጠቀለለች። ጎንበስ ብለው አነሷት። ወደ ብርሃኑ ዞር አድርገው ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ቀስ ብለው አዩአት። 

"ቆንጆ ናት" አሉ። "የመጀመሪያዋስ እንዲህ ቆንጆ ነበረች?"

 እማማ የሻሽወርቅ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና ድመቷን ጭናቸው ላይ አስተካከሉ። ሚሽሚሽ የጭራዋ ጫፍ ላይ እንደ ክር ቋጠሮ ያለች ነገር ነበረቻት፣ አጥንቱ የታጠፈ፤ በቀን አርባ ጊዜ ጣቴ ሥር የምታልፍ ነበረች አሉን። ሦስታችንም ዓይን ኖሮን አንዳችንም አላየናትም ነበር። ይቺኛዋን ያመጣሁላቸው ማታ፣ መጀመሪያ ባሻሹበት ቅጽበት አውቀዋል። ሚሽሚሽ ሞታ ይሁን ጠፍታ ባለማወቃቸው ሁለት ሌሊት አልቅሰውላት ነበር፤ ጎረቤት እንዳይሰማ አፋቸውን በነጠላ ይዘው።

እግሬ ሥር ያለው መሬት ቢከፈት ገብቼ በተገላገልኩ። ጀብራ አስፋልት ላይ የሆነውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳቸው፤ ገመዱን በገዛ እጄ መፍታቴንም። ተቆጡኝ ብዬ ለመንኳቸው። አልተቆጡም። እየሰሙ ድመቷን ያሻሹ ነበር፤ እየቆጠሩም አልነበረም።

"ታዲያ እማማ፣ ካወቁ ለምን ዝም አሉን?" አለች ሀኒፋ እያለቀሰች። "ስንት ጊዜ ተሳቀቅን።"

እማማ የሻሽወርቅ ወደ እሷ አዩ፤ ከዚያ ወደ በቀለች፤ ከዚያ ወደ እኔ።

"ብነግራችሁ ኖሮ ትመጡ ነበር?" አሉ።

አፏ የማይዘጋው በቀለች መሬት መሬት ታይ ጀመር። አንድ ሰው መመለስ ነበረበት፤ እኔ መለስኩ። "እንመጣ ነበር እንጂ እማማ" አልኩ። ባለፉት አራት ዓመታት እሳቸው ፊት ያልኩትን ሁሉ ያልኩት ፊቴን ለማያዩ ሰው ነው። አሁን ቀና ብለው፣ በዚያች በታከመች ዓይናቸው፣ ረጋ ብለው ፊቴን አዩት። ዓይኔን የማሳርፍበት ባጣ ድመቷን ማየት ጀመርኩ።